ጠፍጣፋ ነው ላልከኝ ቀለበት

ወንድምዬ፣

ከእኔ ቀድሞ ሰላምታዬ ደጅህ ይግባ። እንደምን ከርመሃል? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዘህ ነው የምትስቀው? የማሽኑ ክፍል እንዴት እንደሚበርድ አውቃለሁና ሹራቡን ወንበር ላይ አንጠልጥለህ አትተወው፤ የተሠራው ለወንበሩ አይደለም። አክስታችን እትዬ ደኅና ናት። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያማርራታል እንጂ ምላሷ እንደ ወትሮው ጤነኛ ነው። «ከስቷል ወይስ ወፍሯል ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ጠየቅኩ።

እኔም ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ትንሽ ሸሽቶኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስናወራ ትስቃለህ፣ አንተ ስትስቅ ደግሞ እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እስቃለሁ። በልጅነታችንም እንደዚሁ ነበር፤ ልቆጣህ ተነስቼ ስንት ጊዜ አብሬህ ሳቅ ላይ ወድቄ ቀረሁ። ወረቀት አይስቅም። ሰው በሌለበት ተቀመጥና ረጋ ብለህ አንብበው።

ውጤቱን ከላክልኝ ቀን ልጀምር፤ ደስታችንን በዓይንህ አላየኸውምና። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ሥዕሉ ወለል አለልኝ። ሁለቱ ናይትሮጅኖች፣ ሦስቱ ካርቦኖች፣ ከነሱ ጋር ደግሞ ያ ግዙፉ ብረት፣ እርሳስ፤ ስድስቱም አንድ ቀለበት ሠርተው ጠፍጣፋ ተኝተዋል። ወደ ጎን ሳዞረው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አንዲት መስመር ሆነ። እርሳስ እንዲህ ያለ ቀለበት ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ እንደሚያፈነግጥ መጽሐፉም መምህሮቻችንም ነግረውናል። ለዓመታት ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ ያበላሸሁት እሱን እሺ ለማሰኘት ነበር። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። የክፍላችን ኃላፊ፣ ያ ፈገግታውን እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጠው ሰውዬ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ይህ የክፍላችንን ስም ያስጠራል» አለ። ጽሑፉን ወዲያው አዘጋጅቼ ለመጽሔት ላክኩ። ከእኔ ስም ቀጥሎ ያንተን ስጽፍ ጣቶቼ ደስ ሲላቸው ይታወቀኝ ነበር። ከአንድ ማዕድ ያደግን ሁለት ልጆች፣ እኔ ውህዱን በብልቃጥ ሠርቼ፣ አንተ በራጅ ማሽንህ ቅርጹን አይተህ፣ አንድ ወረቀት ላይ!

ቤት ስገባ እትዬ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። አሮማቲክ የሚባል ነገር ነው ስላት ሽቶ መሰላት። ስሙ ድሮ ከመዓዛ ቢመጣም የእኔው ውህድ ሽታ እንደሌለው፣ ቢኖረውም መርዝ ስለሆነ ማሽተቱ እንደማይመከር ነገርኳት። ከዚያ በጠረጴዛው አስረዳኋት። ስድስት ሰው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንድ ሰሃን እጅ በእጅ ይቀባበላል እንበል። ሁሉም እኩል ወንበር ላይ ከሆኑ ሰሃኑ ሳይቆም ይዞራል፣ ማኅበሩም ይጸናል። አንዱ ወንበሩን ከሌሎቹ ከፍ ካደረገ ግን እጁ አይደርስም፣ ዙሩም እሱ ጋ ይቋረጣል። ሰሃኑ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፤ ያ የማይቋረጥ ዙር ነው አሮማቲክ የሚባለው። ቀለበቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ዙሩ ሊኖር ይችላል፤ ከጎበጠ ግን ነገሩ አለቀ። እትዬ አሰብ አደረገችና «እና ያ ከባዱ እርሳስ ከቀላሎቹ ጋር እኩል ተቀመጠ ነው የምትዪኝ?» አለች። አዎ አልኳት። «ማን አየው?» አለች። አንተ እንዳየኸው ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሻይዋን ማማሰል ቀጠለች። እኔም ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

የማግኔት መለኪያውን የምትሠራውን ባልደረባዬን ታስታውሳታለህ፤ ምንም ነገር ስትነግራት «ቆይ እስቲ» ብላ ስለምትጀምር ዋናውን ስሟን የረሳንላትን። ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ ቆይ-እስቲ ብቻ አልመጣችም። በማግስቱ የራሷን ሥዕል ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ኤሌክትሮኖቹ ቀለበቱን የሚዞሩ ከሆነ እኮ ከካርቦኑ ጋር የተያያዘው ሃይድሮጅን ይሰማዋል፤ ምልክቱም ከቦታው ይሸሻል። እኔ ያየሁት ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብሏል።»

አንተዬ፣ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ። የቡድኑ መሪነት ቦታ ክፍት ነበር፤ የታጨነው ደግሞ እኔና እሷ ነን። ይቺ ሴት ቀንታለች አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጥርጣሬን ሥራ አድርጌ ያዝኩት። የቁም ሳጥኔን ቁልፍ አንገቴ ላይ አሰርኩ። ማንም ቢከፍተው እንዳውቅ የብልቃጦቼን ክዳን በጥፍር ቀለም ቀባሁ፤ ቀዩ አልቆብኝ ወደ ሐምራዊው እስክዞር ድረስ። እቃ ማጠቢያው ጋ ሁለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካወራ ስለ እኔ ነበር። ክሪስታሎቹን የያዘውን ጥቅል ወዳንተ ያደረሰውን መልእክተኛ እንኳ መንገድ ላይ ከፍተኸው እንደሆነ ብዬ ጠይቄው «እሜቴ፣ እኔ የራሴን ፖስታ እንኳ አልከፍትም» ብሎ ተቀይሞኛል። ጠርጣራ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ቆይ-እስቲን አጠገቤ እንድትለካው ጠየቅኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ወንበር ስባ «ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ናሙናውን በገዛ እጄ አዘጋጀሁት፣ ዓይኔን ከእጇ ላይ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ሃይድሮጅኑ አሁንም ቦታው ላይ ነው። «አልኩሽ አይደል?» አላለችኝም። የራሷን ሻይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ እንጂ። ይህ ደግነቷ ራሱ ሌላ ጥርጣሬ ሆነብኝ።

ያኔ ነው ወዳንተ የደወልኩት። ታስታውሰዋለህ መቼም። የለካኸውን ክሪስታል መልስልኝ ስልህ አየር ገብቶበት ዱቄት ሆኗል አልከኝ። እርሳሳችን አየር ሲነካው የሚሆነውን ስለማውቅ አመንኩህ። እንግዲያው አዲስ አሳድጌ ልላክልህ ስልህ ማሽኑ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቃችሁ መሆኑን ነገርከኝ። ከዚያ ስለ እትዬና ስለ ጎረቤቷ ድመት አንስተህ አሳቅከኝ፤ ስልኩም ተዘጋ። ሳምንት ያህል ቆይቶ የመሥሪያ ቤታችሁ ጸሐፊ ለሌላ ጉዳይ ደወለችልኝ። እግረ መንገዴን ማሽናችሁ በቶሎ እንዲጠገን ተመኘሁላት። «የቱ ማሽን?» አለችኝ። «የኛ እኮ ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ ሰዉ ወረፋ ይዞ ነው የሚጠብቀው።» ከሌላ ማሽን ጋር ተምታቶባት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ተውኩት የምልህ ከሷ ጋር ነው፤ ከራሴ ጋር አልተውኩትም።

ክሪስታሎቹን ግን ማሳደጌን አላቆምኩም። ደርሰው ሲያምሩ በትንሽ ሳጥን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ላንተ አልነገርኩህም፣ ለእትዬም ሥራ አለኝ ብዬ ነው የወጣሁት። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። እዚያ የራጅ ማሽኑን የሚሠሩት ጸጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ቀስታ ይሏቸዋል። አንዲት መጠቅለያ ለመፍታት እንኳ እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ቁጭ ብለው ነው። ከክሪስታሎቹ አንዱን በማጉያ መርጠው፣ ዘይት ውስጥ ነክረው፣ እንደ ጸጉር በቀጠነ ማንሻ ዘግነው ከማሽኑ በሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሥር አስቀመጡት። እኔም እንደ ልጅ አጠገባቸው ወንበር ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሥዕሉ ሲወጣ ልቤ ቀድሞ አወቀው። አምስቱ እኩል ተቀምጠዋል። እርሳሱ ግን ከገበታው ወጥቷል። ከጎን ስናየው ቀለበቱ ክዳኑ እንደተከፈተ ፖስታ ነው። ይባስ ብሎ ከማሟሚያው የመጣ አንድ ኦክስጅን እርሳሱን በሌላ በኩል ይዞታል። ምናልባት ይህኛው ክሪስታል ብቻ ቢሆንስ አልኳቸው። ሳይቆጡ ሌላ መረጡ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ጎባጣ ነው።

ያንተን ውጤት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በዚህ መሃል መስኮቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድሮ ካፖርታቸውን፣ ጫማዬን ሳይ ነበር።

«ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» አሉ።

ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይተው እስኪቀጥሉ።

«በጣም ንጹሕ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽን ጋር ስኖር እንዲህ የታጠበ ቁጥር አላየሁም። ክሪስታል እንደ ሰው ነው ልጄ፤ የሆነ ቦታ እድፍ አያጣውም። ከማሽኑ መጀመሪያ የወጡት ምስሎች የት አሉ? እጅ ያልነካቸው?»

እጠይቃለሁ አልኳቸው።

«ማን ነው የሠራው? ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ወንድምዬ፣ አንተን በሕይወቴ አላውቀውም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸውም ካፖርታቸውን አንስተው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኙኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወሩኝ። አውቀው እንደሆነ ገብቶኛል።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ የፈተና ውጤት ትዝ አለኝ። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን እኔ ፈርቼ ቤት ቀርቼ አንተ ሮጠህ ሄድክልኝ። እያለከለክ መጥተህ «አንደኛ ወጥተሻል!» አልከኝ። እትዬ ወደ ጎረቤት ሁሉ ወጥታ አወራችልኝ። በማግስቱ ራሴ ሄጄ ሳይ ስሜን ለማግኘት ዓይኔ ወደ ታች ብዙ ወረደ። እትዬ ጆሮህን ይዛ ለምን ዋሸህ ስትልህ «ፊቷን ማየት አልቻልኩም» አልካት። እንዴት ሳቅን! እንግዳ በመጣ ቁጥር የምናወራው ጨዋታ ሆኖ ቀረ፤ አንተም እየሳቅክ ትጨምርበት ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ግን መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጽሑፉ ሳይታተም እንዲመለስ፣ ቀለበቱ እንደገና ሲለካ ጎብጦ እንደተገኘ ነገርኩት። «ታዲያ የማን ስሕተት ነው?» አለኝ። የእኔ ነው አልኩት። ተጣድፌ፣ ሳላጣራ፣ ደስ ስላለኝ። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ቆይ-እስቲ ስትነግረኝ ጆሮዬን የደፈንኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ኃላፊው እስክሪብቶውን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየና የቡድን መሪነቱ ማስታወቂያ በሚቀጥለው ቀን ወጣ፤ ቦታው ለቆይ-እስቲ ሆነ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ፤ በጥርጣሬዬ ስደበድባት የከረምኩት እሷን ነበርና ማጨብጨቡ አልከበደኝም።

ስታልፍ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች። «ቆይ እስቲ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይሄ ያንቺ ስሕተት አይመስለኝም።» ብልቃጦቼ ላይ የቀረውን የጥፍር ቀለም መፋቅ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። ጠርጥሮ ዝም ማለት የሚችል ሰው አለ ለካ። አሁን አብረን ነው የምንሠራው። እርሳሱ ለምን እንደሚያፈነግጥ፣ ከማንም ጋር የማያካፍላቸው ሁለቱ ኤሌክትሮኖች እንዴት ከገበታው እንደሚገፉት፣ ያ ኦክስጅን ሲነሳለት ይመለስ እንደሆነ እንይ ብላ እሷ ናት የገፋፋችኝ። ጎባጣውም የራሱ ወግ አለው ትላለች። ራጁን ጋሽ ቀስታ ያነሱልናል። ያንተ ማሽን መለዋወጫ እስኪመጣለት እንዳናስቸግርህ ብለን ነው።

ለእትዬ መለኪያው ስቷል ብቻ ነው ያልኳት። ሰሃኖቹን አነሳሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የተወለወለውን መልሳ ወለወለች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ልጁ በልቶ ነው የሚውለው?» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

እንቅልፍ የነሳኝ የእኔ ነገር አይደለም። የእኔስ አለፈ፤ ቦታው ባይሆን ሌላ ቦታ ይገኛል፣ ቀለበቱም እንደ ፈጣሪው ፈቃድ ጎብጦ ይኑር። የማስበው ያቺን የኩላሊት መድኃኒት የምትሠራውን ሴት ነው። ክሪስታሏ እንደተመኘችው ሆኖላት አቅፋ እንዳለቀሰችብህ ነግረኸኝ ነበር። ያ መመረቂያው ተይዞበት የኖረው ዝምተኛ ሰውስ? እሱም ተሳካለት። «በእጄ ያለፈ ሁሉ ዕድለኛ ነው» ብለህ ስትስቅ ምንኛ እኮራብህ ነበር። አሁን ግን ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ እነዚያ ሰዎች ይመጡብኛል። በእኛ ሙያ ነገር እሺ ከሚልበት እምቢ የሚልበት ቀን ይበዛል። ለነሱም ፊታቸውን ማየት ከብዶህ ይሆን? ወይስ ከእኔ በቀር ለማንም አልሆነም? የትኛውን መልስ እንደምመኝ እንኳ አላውቅም። የእኔን እኔ ተሸክሜያለሁ። የነሱን የመሸከም መብት ግን የለኝም፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው እህትህ አይደለም።

መጽሔቱ ለተመለሰ ጽሑፍ ሁሉ ከማሽኑ የወጡትን የመጀመሪያ ምስሎች ይጠይቃል። ኃላፊው ለአለቃህ ሊጽፍ ሲል ወንድሜ ራሱ ሊልክ አስቦበታል አልኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሏል። ሁለቴ የሚነገረው ልጅ እንዳልሆንክ ነግሬዋለሁ፤ አታሳፍረኝ። ምስሎቹም ዱቄት ሆነው ከሆነ ግን በስልክ አትንገረኝ።

እንዲያውም ና። አለቃህን አስፈቅድ፣ ሰበብ አያስፈልግህም፣ አክስቴ ናፍቃኛለች በል፤ እውነት ነው። ክፍልህ ተጠርጓል፣ እትዬ አዲስ ትራስ ገዝታ ማንም እንዳይደገፍበት ከልክላለች። አልቆጣህም። ብቆጣህም ቤት ውስጥ ነው፣ በር ዘግተን።

ፈጣሪ ደረትህን ያጽናልህ፣ ሳልህን ይንቀልልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ፣ የብዙ ሰው ተስፋ በሱ ሥር ያልፋልና። ከክፉ ይሰውርህ፣ ከመልካም ሐሳብ ከሚመጣውም ክፉ ይሰውርህ። የእትዬን ዕድሜ ያርዝምልንና በአንድ ጠረጴዛ ያገናኘን።

ስትመጣ ግን የምሥራች ይዘህልኝ አትምጣ። ባዶ እጅህን ና።

ምንጊዜም የምትወድህ
እህትህ